ደብረ ብርሃን ላይ ሙቀትን በቧንቧ ማደል ይቻላል? ከየት ይጀመር?

ጠባሴ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አሁን የምኖረው ዴንማርክ ሲሆን ሥራዬም ለከተማ የሚታደል የሙቅ ውሃ መስመር መንደፍ ነው። ብዙ ጊዜ ሳወጣ ሳወርደው የቆየሁትን ጥያቄ ላቅርብላችሁ። አገር ቤት ያላችሁ፣ በተለይ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያላችሁ፣ ከምታውቁት ጋር አስተያዩልኝ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙው ቤት የየራሱን እሳት አያነድም። አንድ ቦታ የሞቀ ውሃ መንገድ ሥር በተቀበረ ቧንቧ ይወጣል፤ በየሕንፃው ሙቀቱን ያስረክብና ቀዝቅዞ በሁለተኛው ቧንቧ ይመለሳል። ኮፐንሃገን ውስጥ 98 በመቶ ያህሉ የሚሞቀው በዚህ መንገድ ነው። ጅምሩ አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1877 ቢርድሲል ሆሊ የተባለ መሐንዲስ ሎክፖርት ከተማ ላይ እንፋሎት በቧንቧ አከፋፈለ። ዴንማርክ አጥብቃ የያዘችው ግን በ1973 የነዳጅ ዋጋ ከተሰቀለ በኋላ ነው፤ የሙቀት አቅርቦት ሕጓን በ1979 አወጣች።

የዛሬው ሥራ ያንን አሮጌ መስመር ማደስ ነው፤ የእድሳቱም ዋና ነገር የውሃውን ሙቀት ማውረድ ነው። ድሮ እንፋሎት ነበር፤ ቀጥሎ ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ በግፊት የታመቀ ውሃ መጣ፤ ከዚያ ከ100 በታች ሆነ፤ አሁን የሚነደፈው በ60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ሲወርድ በመንገድ የሚባክነው ይቀንሳል። ከዚያም በላይ በእንፋሎት ዘመን ቦታ ያልነበራቸው ምንጮች ይገባሉ፤ ፀሐይ፣ የፋብሪካ ትርፍ ሙቀት፣ የፍሳሽ ውሃ፣ የባሕር ውሃ ሳይቀር። ኤስቢየርግ በተባለችው የወደብ ከተማ የከሰል ድንጋዩ ጣቢያ ሲዘጋ ከተተኩት አንዱ ከባሕር ውሃ ሙቀት የሚስብ፣ ሂት ፓምፕ የሚባል ትልቅ ማሽን ነው። ሲልከቦርግ የተባለችው ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 156,000 ካሬ ሜትር የሚሆን የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ ተከለች።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም። ግን በዚያው ወር ቀኑ ጥርት ያለ ፀሐይ ነው። ዴንማርክ የሌላት ይህ ነው። እዚህ ብርዱ ሲመጣ ፀሐይዋ ትጠፋለች፤ ስለዚህ የሞቃቱን ወራት ሙቀት እስከ ቀዝቃዛው ለማቆየት ግዙፍ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሞሉበታል። ማርስታል በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ጉድጓድ ብቻ 75,000 ሜትር ኩብ ይይዛል። እኛ ዘንድ ሙቀቱን ከቀትር እስከ ንጋት ማቆየት ይበቃል። እንዲህ ያለ ዕድል ይዘን ለምን በማገዶና በናፍጣ እንቀጥላለን?

ሞላሌ_ነኝ

ወንድሜ፣ አገርህን ማሰብህ ደስ ይላል። ግን ነገሩን በብር እንየው። ኮፐንሃገን ውስጥ ሕንፃው ትከሻ ለትከሻ የተጋጠመ ነው፤ አንድ መቶ ሜትር ቧንቧ ስንት መቶ ቤተሰብ ያገኛል። ደብረ ብርሃን ዳር ዳሩን ብትሄድ ቤቱ በየግቢው ተበታትኗል። ቧንቧው ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ብዙው ቤት ደግሞ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በጋቢ፣ በዝተትና በባና እንጂ ክፍል በማሞቅ አይደለም። ውሃና መብራት ሳይቆራረጥ የማያገኝን ሰው ሙቅ ውሃ በመስመር እንስጥህ ማለት የቅደም ተከተል ጥያቄ ያስነሳል።

ጠባሴ_ልጅ

ያነሣኸው የሥራችን የመጀመሪያው ስሌት ነው። ቁጥሩን ላስቀምጥ።

በደንብ የተለበጠ ቀጭን ቧንቧ፣ ውሃው 60 ዲግሪ ሲሆን፣ በአንድ ሜትር 10 ዋት ያህል ያፈሳል። 500 ሜትር መሄጃና 500 ሜትር መመለሻ ብንዘረጋ በ24 ሰዓት 240 ኪሎዋት ሰዓት መሬት ውስጥ ይቀራል። በዚያ መስመር ላይ 20 ቤቶች ቢኖሩና እያንዳንዱ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም የተጠቀሙት 100፣ የባከነው 240 ነው። እንዲህ ያለውን ማንም አይሠራውም፤ እኔም አላቀርበውም።

አሁን ያንኑ ቧንቧ ተማሪዎች የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ አስገባው። ለአንድ ሰው ሻወር 40 ሊትር ውሃ ከ12 ወደ 40 ዲግሪ ለማሞቅ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ለ1,000 ተማሪ 1,300 ነው። የመንገዱን 240 ጨምርበትና 1,540። ከፍታው ላይ ያለው ፀሐይ በጥሩ ቀን ከአንድ ካሬ ሜትር ሰብሳቢ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል ብዬ ብይዝ ከ600 ካሬ ሜትር ትንሽ ከፍ የሚል ጣሪያ ይበቃል። ማጠራቀሚያው 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በማገዶ እናስላው ብትሉ ደረቅ ባሕር ዛፍ በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አለው፤ ምድጃው ግማሹን ለውሃው ቢያደርስ ለሻወሩ ብቻ በየቀኑ ከ600 ኪሎ በላይ እንጨት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሙቀት የሚበላው በአንድ ቦታ የታጨቀባቸው ሥፍራዎች የትኞቹ ናቸው የሚል ነው። የተማሪ ማደሪያ፣ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ፣ ሆቴል የበዛበት ሰፈር።

የቦይለር_ሰው

ልጄ፣ እኔ በዚሁ ከተማ እንፋሎት ከሚያፈላው ቦይለር ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ልተወው። ስለ ፀሐይና ስለ ባሕር ውሃ ስትጽፉ አየሁና ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሙቀቱ አሁንም በእጃችን አለ፣ ግን እየደፋነው ነው።

እንፋሎት ሥራውን ሠርቶ ሲጨርስ ውሃ ይሆናል፣ ኮንደንሴት የምንለው። ሲወጣ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሆናል፤ ንጹሕም ነው፣ ማጣሪያና ኬሚካል የተከፈለበት። ተመልሶ ቦይለሩን የሚመግበው ታንከር፣ ፊድ ታንክ የምንለው ውስጥ መግባት አለበት። መመለሻ ቧንቧው በልቶት ሲፈስ ማን ይጠግነዋል? ወደ ቦይ ይለቀቃል። የሚገባው ውሃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጁ በመቶ አንድ ገደማ ይቀንሳል፤ እኛ በ12 ዲግሪ ውሃ እንጀምራለን። ውሃውን አሳልፎ እንፋሎቱን የሚያግደው ስቲም ትራፕ ተበላሽቶ አፉን ከፍቶ ሲቀር ያልሠራ እንፋሎት በቀጥታ ያመልጣል፤ ድምፁን የሚያውቅ ሰው ቆሞ ካላዳመጠ ወር ቢፈስ የሚያየው የለም።

ቧንቧውስ? ለጥገና ሲፈታ ሙቀቱ እንዳያመልጥ የሚለበጠው ኢንሱሌሽን ይገፈፋል፤ ከዚያ ማንም አይመልሰውም። 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ራቁት የእንፋሎት ቧንቧ በአንድ ሜትር ከ600 ዋት በላይ ያፈሳል። አሥር ሜትሩን በአንተ ሒሳብ አስላው፤ በቀን 144 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የ110 ተማሪ ሻወር!

ከፍታውን አንሥተሃልና ይኼንንም ስማ። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ነዳጁን የሚያነደው በርነር ከአምራቹ እንደመጣ ተገጥሞ ለከፍታው ሳይስተካከል ሲቀር አየር ያጥረዋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጥላሸቱ በቱቦዎቹ ላይ ይጋገርና ሙቀቱ ወደ ውሃው መግባቱን ትቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የጭሱ ሙቀት በ20 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር በመቶ አንድ ነዳጅ ሄደ ማለት ነው። ከባድ ጥቁር ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ይኼን ሁሉ ሳናስተካክል አዲስ ነገር ብንገጥም በሚያፈስ እንስራ ውሃ መቅዳት ይሆንብናል።

ጠባሴ_ልጅ

ጋሼ፣ እጅ እነሣለሁ። ከዴንማርክ ሆኜ ልጠይቅ የምችለውን ሁሉ መለሱልኝ። አንድ ነገር ልጨምርበት። እዚህ አሮጌ መስመር ሲታደስ መጀመሪያ የሚደረገው እርስዎ ያሉት ነው፤ የመመለሻውን ውሃ መለካት። ውሃው ሞቆ ከተመለሰ ተጠቃሚው ሙቀቱን አልወሰደም ማለት ነው፤ ብዙ ድርጅቶች በዚህ ላይ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። አዲሱ ቧንቧ ራሱ ውስጡ ብረት፣ መካከሉ አረፋ፣ ውጩ ፕላስቲክ ሆኖ ነው የሚመረተው፤ አረፋው ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይሄዳል። እርጥበት ሲገባ ሽቦው ይናገራል፣ የት ሜትር ላይ እንደሆነም ያሳያል። መንገድ ገምሶ መፈለግ ቀረ።

የፋብሪካው ትርፍ ሙቀት የሚወጣው በስንት ዲግሪ ነው? 60 ከሆነ በቀጥታ ይታደላል። ቢራ ፋብሪካዎች ውስጥ ማቀዝቀዣው ራሱ በ30 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ወደ አየር ይጥላል፤ ለሂት ፓምፕ ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም። ሂት ፓምፕ ማለት ፍሪጅ ከኋላው የሚያወጣውን ሙቀት ለሥራ ማዋል ነው። በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ሦስትና ከዚያ በላይ ሙቀት ይሰጣል፤ ምንጩ ሞቅ ባለ መጠን ይጨምራል።

ነርሷ_ከመሐል_ሜዳ

እኔ ስለ ፋብሪካ አላውቅም። በብርዱ ወራት የሚመጡብንን ሰዎች ግን አውቃለሁ። ፈርኔሎ ውስጥ ፍም አድርገው፣ ብርዱ እንዳይገባ በሩንና መስኮቱን ጠቅጥቀው ዘግተው ይተኛሉ። ከሰሉ ሽታ የለውም፣ ጭስም የለው፤ ግን ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደም ውስጥ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ከዚያ ሰውየው መንቃት ያቅተዋል። ቤተሰብ ሙሉ የሚጎዳበት አለ። እባካችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከሰል ነደደም ከሰመም መኝታ ክፍል ውስጥ አታሳድሩ።

እና እነዚህ ሰዎች ግቢ ውስጥ የሚያድሩ ተማሪዎች አይደሉም። ወንድሜ፣ ቧንቧህ ለእነሱ ካልደረሰ ምን ታደርግላቸዋለህ?

ደግሞ በሙያዬ አንድ ነገር ላሳስብ። የሞቀ ውሃ ለብ ብሎ በታንከር ውስጥ ከቆየ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል፤ በሻወር ርጭት ወደ ሳንባ ይገባል። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ነዳጅ እንቆጥብ ተብሎ ታንከሩ 40 ላይ እንዳይቀር።

ጠባሴ_ልጅ

እህቴ፣ ስለ ታንከሩ ትክክል ነሽ። ማጠራቀሚያው 60 ላይ ይቆያል፣ ቧንቧው አፍ ላይ ብቻ ከቀዝቃዛ ጋር ይቀላቀላል። የተሻለው መንገድ ደግሞ የሚጠራቀመውንና ሰው የሚታጠብበትን ውሃ ጨርሶ መለየት ነው፤ የመታጠቢያው ውሃ በሙቀት ማስተላለፊያ ሳህን ውስጥ ሲያልፍ ወዲያው ይሞቃል፣ የሚያድር ውሃ አይኖርም። ይህን ሳነሣ የከተማችን ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በ60 የሚሠራ መስመር ከዚያ በብዙ ስለሚርቅ ያለ ከባድ ግፊት ይሠራል፣ ጥገናውም ይቀላል።

ስለ ቤቱ ግን እኔ ቧንቧ ነዳፊ ነኝ፤ ግንበኛ ቢመልስ ይሻላል።

ኮርኒስ_ሠሪ

እኔ ልመልስ። ቤት የሚሞቀው መጀመሪያ ያለውን ሙቀት ሲይዝ ነው።

የመንዝ አያቶቻችን ቤት ድንጋዩ ወፍራም፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ በሩ ጠባብ ነበር። ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይሰጣል። እኛ ሣሩን ትተን ቆርቆሮ መታን፤ ዝናቡን ከለከለልን፣ እሳቱንም ቀነሰልን፣ መጥፎ ነው አልልም። ግን ሰማይ በጠራበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ጠዋት ከውስጥ በኩል የሚንጠባጠበው ጤዛ ከዚያ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ ውጭ ቆሞ እንደ መሞቅ ይቆጠራል።

ገንዘብ ለሌለው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ኮርኒስ፤ አቡጀዲም ቢሆን ከምንም ይሻላል፣ ቺፕውድ ከተገኘ ከላዩ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ይደርደርበት። ጭዱ ፍጹም ደረቅ ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ በላዩ እንዳያልፍ፣ አይጥ እንዳይገባ ዳሩ ይደፈን። ከዚያ ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበት ክፍተት። ብዙ ቤት እዚያ ጋ እጅ ያስገባል። በጭቃና በጭድ ምረጉት። የጭቃ ቤት ያለው ሰው አይፈር፤ በደንብ የተመረገ ወፍራም ግድግዳ ከባዶ ብሎኬት ይሻላል፣ የብሎኬቱ ኮንክሪት ስስ ነውና ብርዱን በፍጥነት ያሳልፋል። መስኮት የምታወጡ ከሆነ ፀሐይ ወደምትገባበት ወገን አውጡ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡቡ መስኮት ቀኑን ሙሉ ያሞቃል።

ግን ነርሷ ያለችውን ልድገመው፤ ቤቱ በተደፈነ ቁጥር ከሰሉ የበለጠ ይገድላል። የሚደፈን ቤት ውስጥ እሳት አይግባ፤ ማድቤቱ ለብቻ ይሁን።

ጊቢ_ተማሪ

በደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ስለ ኅዳር ፀሐይ የተባለው እውነት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴስ? ደመናው አይገለጥም፣ ብርዱም ብርድ ነው። ሌላው፣ አይስላንድ ቤቷን በሙሉ ከመሬት በሚወጣ ፍል ውሃ ታሞቃለች ሲባል ሰምቻለሁ። ከእኛ ቁልቁል አፋር ነው፤ ስምጥ ሸለቆው ፍል ውሃ የሞላበት ነው። ከዚያ መሳብ አይቻልም?

ጠባሴ_ልጅ

ጥሩ ጠየቅህ። ከሁለተኛው ልጀምር። አይስላንድ ከአሥር ቤት ዘጠኙን ያህል የምታሞቀው በከርሰ ምድር ሙቀት ነው። ዴይልዳርቱንጉክቬር ከተባለው ፍል ውሃ እስከ አክራኔስ ከተማ 64 ኪሎ ሜትር ቧንቧ አለ፤ ስለዚህ ርቀቱ ብቻውን አያስፈራም። እኛን የሚከለክለን ዳገቱ ነው። ከአፋር ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን ከ1,500 ሜትር በላይ ውሃ ሽቅብ መግፋት አለብን፤ ለዚያ ግፊት የሚሆን ቧንቧና በየመንገዱ የፓምፕ ጣቢያ የሚጠይቀው ወጪ ለአንድ ከተማ ሻወር አይመጣጠንም። የከርሰ ምድሩ እንፋሎት እዚያው መብራት ቢያመነጭ ይሻላል፤ አሉቶ ላንጋኖ ላይ እንደተጀመረው። መብራቱ ዳገት አይከብደውም፣ ደብረ ብርሃን ደርሶ ሂት ፓምፕ ያዞራል።

ክረምቱ ላይ ፀሐዩ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ማድበስበስ አይገባም። ደመናማ ቀን የሚገኘው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ፣ ትርፍ ሙቀትና ሂት ፓምፕ በአንድ ማጠራቀሚያ ላይ ይገናኛሉ። የጋራ መስመር ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ምንጩን ስትለዋውጥ ተጠቃሚው ቤት ውስጥ የሚነካ ነገር የለም። ደግሞ አስተውል፤ አገራችን መብራት የምታገኘው በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ነው። ፀሐይ በምትሸፈንበት ወር ግድቦቹ ይሞላሉ።

አንድ የቴክኒክ ማስጠንቀቂያ፦ ኮርኒስ ሠሪው ስለ ቆርቆሮ ያለው ለፀሐይ ሰብሳቢም ይሠራል። አየሩ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለ፣ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሰብሳቢው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሊረጋ ይችላል፤ ሲረጋ ቱቦውን ያፈነዳዋል። ለደብረ ብርሃን የሚገዛ ዕቃ ወይ የማይረጋ ፈሳሽ የሚዞርበት፣ ወይ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ታንከር የሚመለስለት መሆን አለበት። ለሞቃት ከተማ የተሠራውን አምጥቶ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሞላሌ_ነኝ

ስሌቱ አሁን መሬት ነካ፤ ስለ ግቢውና ስለ ፋብሪካው እስማማለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አንድ ተቋም ጣሪያ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ በእርዳታ ሲተከል አይቻለሁ። ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሣ። ቱቦው በኖራ ተደፈነ፣ የፓምፑ ሞተር ተቃጠለ፣ መለዋወጫ የሚገዛበት በጀት ማን ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። አሁን ጥላ ነው የሚሰጠው። ባለቤት የሌለው ነገር እንዲህ ነው።

ጠባሴ_ልጅ፣ እዚያ አገር መስመሩ የማን ነው?

ጠባሴ_ልጅ

ብዙው የማዘጋጃ ቤት ወይም የተጠቃሚዎቹ የራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ማርስታልን ያነሣሁት ለዚህም ነበር፤ ያንን ሁሉ ጉድጓድና ሰብሳቢ የያዙት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ሕጉም ከወጪ በላይ ትርፍ ማስከፈልን አይፈቅድም። ጥገናው በወርኃዊው ክፍያ ውስጥ ተሰልቶ ይገባል፤ ቧንቧ ከሚያረጅበት ቀን በፊት የሚተካበት ገንዘብ ይቀመጣል።

እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። መንዞች ጓሳን ለዘመናት የጠበቁት በጋራ ሕግ ነው፤ ዘግተው ያቆዩታል፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፍቱታል፣ ሕግ የጣሰ ይቀጣል። ሣር የሚያህል ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበትን ሀብት እንዲህ ማስተዳደር የቻለ ሕዝብ አንድ ታንከርና አንድ ቧንቧ አያቅተውም። የሚያስፈልገው ገንዘቡና ኃላፊነቱ ከተጠቃሚው ጋር እንዲያያዝ ነው፤ ግቢው ውስጥ ከሆነ ደመወዙ የተቆረጠለት፣ መለዋወጫ በእጁ ያለው ባለሙያ።

የቦይለር_ሰው

ባለሙያው አለ። በየፋብሪካው በእንፋሎት ያረጀን ሰዎች አለን፤ ጡረታ ስንወጣ እውቀቱ አብሮ ይወጣል። ከቴክኒክና ሙያ የሚመረቁ ልጆች ኢንሱሌሽን መጠቅለል፣ ትራፕ ማዳመጥ፣ በርነር ማስተካከል ቢማሩ ከመጀመሪያው ቀን ሥራ አላቸው።

ተማሪው ልጄ፣ አንተ ግቢ ነህ። የወጥ ቤቱ ቦይለር ወይም ምድጃ ጋ ሄደህ ፈቃድ ጠይቅ። በቀን ስንት ሊትር ነዳጅ ወይም ስንት እንጨት እንደሚገባ ጻፍ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ሙቀት በቴርሞሜትር ለካ፣ ኢንሱሌሽን የሌለውን ቧንቧ በሜትር ቁጠር። ያለዚህ የሚጻፍ ፕሮፖዛል ወረቀት ነው።

ጊቢ_ተማሪ

እሺ ጋሼ፣ አደርገዋለሁ። የመካኒካል ክፍል ጓደኞቼን አነጋግሬ ለመመረቂያ ሥራችን ይሆናል ብለናል። የውሃውን ፍሰት በምን እንለካ? ሜትር የለንም።

የቦይለር_ሰው

20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይበቃል። ቧንቧውን ሙሉ ከፍተህ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ያዝ፤ ደጋግመህ ለካና አማካዩን ውሰድ። ጠዋትም ማታም ለካ፣ ግፊቱ ይለያያልና። ስትጨርስ እዚሁ አስቀምጠው፣ አብረን እናየዋለን።

ጠባሴ_ልጅ

ቁጥሩ እንደመጣ የቧንቧውን ስፋትና የታንከሩን መጠን እኔ አሰላለሁ። የሕንፃዎቹን ርቀትም በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ላክልኝ፤ የጣሪያዎቹን አቅጣጫ ጨምረህ።